ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 12፦ ልጃችሁን ለማን ትተዋላችሁ?

የልጆቼ ትምህርት ቤት የሚለቀው 9 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እኔ ከቢሮ የምወጣው 11 ሰዓት ተኩል። ቢሮዬ ሜክሲኮ፣ ቤታችንም ትምህርት ቤቱም ጀሞ። የታክሲ ሰልፉ አለ፣ የመንገዱ መዘጋጋት አለ፣ ዝናብ ከጣለማ አይወራም። በጊዜ ደረስኩ የምለው 12 ሰዓት ላይ ከተገኘሁ ነው። ባለቤቴ ከእኔም ያመሻል። ይቺ መሃል ላይ ያለች ሁለት ሰዓት ተኩል ስድስት ዓመት ሙሉ ስታንገላታን ኖራለች።

በስድስት ዓመት ያልሞከርነው የለም። ሠራተኛ፣ አያት፣ የሰፈር ማቆያ፣ የትምህርት ቤቱ የራሱ ፕሮግራም፣ አስጠኚ፣ ቴኳንዶ። ትልቁ ልጄ አሁን አራተኛ ክፍል ነው፣ ትንሿ ኬጂ 2። ጓደኞቼ "የቱ ይሻላል?" እያሉ ሲደውሉልኝ አንድ መልስ ለመስጠት እቸገራለሁ። ስለዚህ ሁሉንም እዚህ ልዘርዝረው።

በፊት የምመርጠው በማስታወቂያው ወረቀት ነበር። ኮዲንግ አለ? ቼስ አለ? ፈረንሳይኛ አለ? ግድግዳው በሚኪ ማውስ ተስሏል? አሁን የማየው ከ11 እስከ 12 ያለችውን ሰዓት ብቻ ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

አምና ትንሿን አንድ የሰፈር ማቆያ አስገባናት። ቦታው ያምራል። ስንመዘገብ የተቀበሉን ሰዎች ፈገግታቸው አይጠገብም። አንድ ቀን ከቢሮ ውጪ የነበረ ሥልጠና ቶሎ አለቀና ሳልደውል 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ደረስኩ። አንድ ክፍል ውስጥ 19 ልጆች አሉ። ቆጥሬያቸዋለሁ። ቴሌቪዥኑ ካርቱን ያስጮኻል። ያሉት ትልቅ ሰው የፅዳት ሠራተኛዋ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ኮሪደሩን እየወለወሉ ነው። ልጄ ጥግ ላይ ቦርሳዋን እንዳዘለች ተቀምጣለች። "መቼ ነው ቦርሳ ያዘልሽው?" ስላት "ሚስ ስትሄድ" አለችኝ። ሚስ የሄደችው 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ማንም አልመታትም። ማንም አላናገራትምም። በወረቀት ላይ የሚጻፍ ጥፋት የለም፤ አደጋም አልደረሰም። ግን በወር 22 ቀን፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል፣ የአራት ዓመት ልጅ ቦርሳ አዝላ በር በር ታያለች። ከዚያ ወዲህ የትኛውንም ቦታ የምለካው በዚች ሰዓት ነው። 9 ሰዓት ተኩል ላይማ ሁሉም ቦታ ጥሩ ነው፤ ሠራተኛው ሙሉ፣ ወላጅ የሚመላለስበት ሰዓት፣ ሁሉም ፈገግተኛ።

መጀመሪያ ልጁን

ለኬጂ ልጅና ለሰባተኛ ክፍል ልጅ አንድ ዓይነት ቦታ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። የኬጂ ልጅ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ሞታ ነው የምትወጣው። ፍራሽ፣ መክሰስ፣ የምትታቀፍበት ሰው ነው የሚያስፈልጋት። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያለው ደግሞ የሚሮጥበት ግቢ ይፈልጋል፤ ከሮጠ በኋላ የቤት ሥራውን የሚያሠራው ሰው። ከአምስተኛ ክፍል በላይ ያለውን ልጅ ከሕፃናት ጋር ካርቱን ፊት ብታስቀምጡት እንደ ስድብ ይቆጥረዋል፣ ይሳደባልም። እሱ የሚፈልገው ጓደኛና ትንሽ ነፃነት ነው፤ እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ የት እንዳለ ማወቅ።

ሁለት ልጆች ስላሉኝ ለመውሰድ እንዲቀል ብዬ ሁለቱንም አንድ ቦታ ለማስገባት ስታገል ኖሬያለሁ። ቀለለኝ እንጂ ለእነሱ አልሆናቸውም።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ማቆየት

ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ ልጆችን ያቆያሉ። አንዳንዱ "ቱቶሪያል" ይለዋል፣ አንዳንዱ "ክለብ"፣ አንዳንዱ በደፈናው "ማቆያ"። ትልቁ ጥቅሙ መንገድ የሌለበት መሆኑ ነው። ልጁ አስፋልት አያቋርጥም፣ ሌላ ሰርቪስ አይሳፈርም፣ ጥበቃውን ያውቃል፣ መፀዳጃ ቤቱ የት እንዳለ ያውቃል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ ትምህርት ቤት ሆኖ መቅረቱ ነው። ልጄ ሁለተኛ ክፍል እያለ ጠዋት 2 ሰዓት የተቀመጠበት ወንበር ላይ 11 ሰዓት ድረስ ይቆይ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት! እኔ ቢሮ ውስጥ ዘጠኝ ሰዓት አልቀመጥም፤ ቡና አለ፣ ኮሪደር አለ፣ ወሬ አለ። እሱ ግን ያንኑ የሒሳብ ገጽ ከያችው መምህርት ጋር ደግሞ ይሠራል። መምህርቷም ሰው ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ ስትጮህ ውላ ማታ ትዕግሥት ከየት ታምጣ?

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 31 ልጆች የማረፍና የመጫወት መብት አላቸው ይላል። ኢትዮጵያ ኮንቬንሽኑን ያጸደቀችው በ1984 ዓ.ም. ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ ካልሮጠ መቼ ሊሮጥ ነው? ማታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቢዘል ከታች ያሉት ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያ ይደበድባሉ።

ስለዚህ ትምህርት ቤቱን ስትጠይቁ አንድ ጥያቄ በቂ ነው። "ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ተኩል ልጆቹ የት ናቸው?" "ግቢ ውስጥ" ካሏችሁ ጥሩ ነው። "ክፍል ውስጥ ሪቪዥን" ካሏችሁ አስቡበት።

ሌላም ነገር አለ፣ ደፍሬ ልናገረው። የክፍሉ መምህር ራሱ ተማሪዎቹን በክፍያ የሚያስጠና ከሆነ ነገሩ ይበላሻል። ያልከፈለው ልጅ ወላጅ ይጨነቃል፣ የከፈለው ልጅ ፈተናውን ቀድሞ ያየ ይመስላል። መምህሩ ንጹሕ ሰው ቢሆንም ሐሜቱ አይቀርም። ሌላ ክፍል የሚያስተምር ሰው የተመደበበት ትምህርት ቤት ይህን ያሰበበት ነው ማለት ነው።

የሰፈር ማቆያ

ቪላ ተከራይተው፣ ጊቢውን ሰው ሠራሽ ሳር አልብሰው፣ ሸርተቴና ዥዋዥዌ ተክለው የሚሠሩ ናቸው። አብዛኞቹ የተከፈቱት ለጨቅላ ሕፃናት ነው፤ ከትምህርት ቤት የሚመጡት በኋላ የተጨመሩ ናቸው። ይህ በሁሉም ነገር ላይ ይታያል። መጫወቻው የሁለት ዓመት ልጅ መጫወቻ ነው። ሕፃናቱ ስለሚተኙ ትልልቆቹ "ዝም በሉ" ይባላሉ። ሞግዚቶቹ ዳይፐር ሲቀይሩ የሦስተኛ ክፍሉን ልጅ ማካፈል የሚያሳየው የለም።

ጥሩዎቹ ግን በጣም ጥሩ ናቸው። ለተማሪዎች ለብቻ ክፍል ያላቸው፣ ትኩስ መክሰስ የሚሠሩ፣ ልጁን ከነስሙ፣ ከነአመሉ የሚያውቁ አሉ። ትምህርት ቤት 40 ልጆች መሃል የጠፋ ዝምተኛ ልጅ እዚህ ሰው ሆኖ ይወጣል። የጎረቤቴ ልጅ እንደዚያ ነው፤ ቤት ውስጥ እንኳ የማይናገር ልጅ አሁን መክሰስ አከፋፋይ ሆኗል አሉ።

እዚህ ዋናው ጥንቃቄ ሰርቪሱ ነው። ሚኒባሱ ስንት ልጅ ይጭናል? ስንት ወንበር አለው? ከሾፌሩ ሌላ ረዳት አለ? ልጁን ከትምህርት ቤቱ በር ማን ይረከበዋል፣ ወርዶ ሲገባ ማን ይቆጥራል? አንድ ልጅ እንቅልፍ ወስዶት ኋላ ወንበር ላይ ቢቀር የሚያውቅ ሰው አለ ወይ? ይህን ስጠይቅ አንዷ ባለቤት ትንሽ ተቆጥተውኛል። ሌላዋ ደብተር አውጥተው የእያንዳንዱን ቀን ስምና ሰዓት አሳዩኝ። የትኛዋን እንደመረጥኩ አልነግራችሁም።

ሠራተኛና አስጠኚ

ከሁሉም የሚመች ይመስላል። ልጁ ቤቱ ነው፣ ልብሱን ይቀይራል፣ የራሱን ምግብ ይበላል። ክፍያው ያው የሠራተኛዋ ደመወዝ ነው። ግን ሐቁን እናውራ። ሠራተኛዋ ወጥ ትሠራለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ቤት ታፀዳለች፣ ውሃ በመጣበት ቀን ጀሪካን ትሞላለች። ልጅ መጠበቅ አምስተኛ ሥራዋ ነው። ቴሌቪዥኑ ወይም ስልኳ ሞግዚት ቢሆን በእሷ አይፈረድም።

ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ፣ ራሳቸው ልጅነታቸውን ያልጨረሱ ናቸው። የ15 ዓመት ልጅ ላይ የ9 ዓመት ልጅ አደራ መጣል ለሁለቱም ክፉ ነው። ሌላው ሰው የሚረሳው የማታ ትምህርቷ ነው። ትምህርት ካላት 11 ሰዓት ገደማ መውጣት አለባት። "ትንሽ ቆዪልኝ" እያሉ ከክፍል ማስቀረት ነውር ነው፤ እሷም አንድ ቀን ልጁን ለጎረቤት ሰጥታ ትሄዳለች። እኛ ቤት ደርሷል። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ሠራተኛዋ ጎልማሳ፣ ልጅ የምትወድ፣ ሥራዋም ልጁ ከገባበት ሰዓት በኋላ እንዲቀልላት የተደረገ ከሆነ ግን ይህ ለኬጂ ልጅ አንደኛ ምርጫ ነው ባይ ነኝ። ወጡ ከ9 ሰዓት በፊት ይለቅ። ልብሱ ጠዋት ይታጠብ። በቃ፣ የቀረው የልጁ ሰዓት ነው። ደመወዙም በዚያው ልክ ይስተካከል።

አስጠኚ ማቆያ አይደለም። በሳምንት ሦስት ቀን መጥቶ አንድ ሰዓት ተኩል አስጠንቶ ይሄዳል። የቤት ሥራውን ይሸፍናል እንጂ ክፍተቱን አይሸፍንም። ቤት ሰው በሌለበት አይምጣ። ጥናቱ ሳሎን፣ በሩ ክፍት ሆኖ ይሁን። ሰውዬውን ስለማታምኑት አይደለም። ይህን ደንብ መጀመሪያ ቀን ብትነግሩት ጨዋ ሰው አይቀየምም፤ ከተቀየመ ተሰናበቱት።

አያት

የእኔ እናት ለቡ ናቸው። ልጆቹ እማማ ጋር በሚሄዱበት ቀን ምግብ ትኩስ ነው፣ ተረት አለ፣ አማርኛቸው እንኳ ይቀየራል። ትንሿ በአንድ ሳምንት "እሰይ"ንና "እንዲያው"ን ይዛ መጣች። ገንዘብ የሚገዛው አይደለም።

ግን አያት አይከፈላቸውም፤ የማይከፈለውን ሰው ደግሞ "ይህ አልሆነም" ማለት አይቻልም። ብስኩቱ በዛ፣ ቴሌቪዥኑ በዛ፣ የቤት ሥራው አልተሠራም፣ ዋጥ ነው። የቤት ሥራው በእንግሊዝኛ ነው፣ እሳቸው መነጽራቸውን አጥተዋል። የአያት ልጅ ቅምጥል ነው ሲባል በከንቱ አይደለም።

ከዚህ የሚብሰው የእሳቸው ድካም ነው። ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ሰው የአራት ዓመት ልጅ ከሦኬትና ከደረጃ ሲጠብቅ መዋል ይከብደዋል። እናት "ደከመኝ" አትልም። ስትጠየቅም "ኧረ ምን ገዶኝ" ነው መልሷ። ስለዚህ አትጠይቋት፣ እዩዋት። እኔ ያወቅሁት ከጎረቤቷ ነው። "እናትሽ ልጆቹ በሄዱ ማግስት አትነሳም" አሉኝ። በዚያው ሳምንት አምስቱን ቀን ወደ ሁለት ቀን ዝቅ አደረግነው።

ቴኳንዶ፣ ዋና፣ መድረሳ፣ ቤተ መጻሕፍት

እነዚህ ሁሉ ደጋግ ነገሮች ናቸው፤ ማቆያ ግን አይደሉም። ቴኳንዶው በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ለአንድ ሰዓት ነው። መድረሳም ሆነ የሰንበት ትምህርት የራሱ ቀንና ሰዓት አለው። ወስዶ የሚመልስ ሰው ካለ ይጨመር። ከፍ ላለ ተማሪ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ከሆናችሁ፣ በ2014 የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። እዚያም ቢሆን ልጃችሁን ብሎ የሚጠብቅ ሰው የለም።

መሥሪያ ቤታችሁ ማቆያ ካለው ደግሞ ጠይቁ። በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። የታሰበው ግን ለሚጠባ ሕፃን ነው። የእኔ አራተኛ ክፍል ጎረምሳ እዚያ አልጋ ውስጥ አይገባም።

ስትጎበኙ ምን ታያላችሁ?

ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ የምትኖር አብሮ አደጌ አለች። ልጇን ከትምህርት በኋላ የሚያቆይላት ክለብ ኬር ኢንስፔክቶሬት በሚባል የመንግሥት ተቋም ይፈተሻል። ከ1 እስከ 6 ነጥብ ይሰጠዋል፣ ሪፖርቱም ለሕዝብ ይወጣል። እሷ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ታነበዋለች። የሰው ቁጥሩም በመመሪያ የተወሰነ ነው፤ ከ3 ዓመት በላይ ለሆኑ 8 ልጆች አንድ ተንከባካቢ፣ ሁሉም 8 ዓመት የሞላቸው ከሆኑ ለ10 ልጆች አንድ። ያንን 19 ልጅና ፅዳት ሠራተኛዋን ነገርኳት። ዝም አለች።

እኔና እናንተ ግን ራሳችን ሄደን ነው የምንፈትሸው። ደግሞም አይከብድም።

ሁለት ጊዜ ሂዱ። መጀመሪያ ቀጠሮ ይዛችሁ፣ ቀጥሎ ሳትናገሩ 11 ሰዓት ላይ። በር ላይ "ወላጅ አይገባም" ከተባላችሁ መልሳችሁን አግኝታችኋል። ደኅንነት ነው ብለው ሊያስረዷችሁ ይችላሉ፤ መታወቂያ አሳይታችሁ፣ ተመዝግባችሁ፣ ከሰው ጋር እንድትገቡ የሚያደርግ ቦታ ነው ደኅንነት የሚያውቀው።

ስትገቡ ትልልቅ ሰዎችን ቁጠሩ። ማናጀሯንና ጥበቃውን አትቁጠሩ። ከልጆቹ ጋር ወለል ላይ የተቀመጠ ሰው አለ? ወይስ ሁሉም በር ላይ ቆመው ስልክ ያያሉ? አንድ ልጅ ሲያለቅስ ሰው እስኪደርስለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አላፍርም፣ እኔ ሰዓቴን ተመልክቻለሁ።

መፀዳጃ ቤት ግቡ። ውሃ አለ? ሳሙና አለ? በሩ ይዘጋል? መዝጊያው ከውስጥ ልጅ የሚከፍተው ዓይነት ነው? ልጃችሁ ቤት እንደገባ ጫማ ሳያወልቅ ወደ መፀዳጃ የሚሮጥ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ይዞ እየዋለ ነው። ይህን ምልክት ማንም አልነገረኝም፤ ከሁለት ዙር የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን በኋላ ነው የገባኝ።

መክሰሱን ጠይቁ። ከምሳ ዕቃው የተረፈውን ነው የሚያበሏቸው? ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የተቋጠረ ፓስታ 10 ሰዓት ላይ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኖታል። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ያለ ማቀዝቀዣ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ ይላል። ሙዝ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ይበቃል። በጾም ወቅት ለሚጾመው፣ በሌላውም ጊዜ የሚበላውን ሥጋ ለሚመርጠው ቤተሰብ ምን ያደርጋሉ? ለውዝ የማይስማማው ልጅ ካለስ የሚያውቀው ማን ነው፣ ማናጀሯ ወይስ ምግብ የምታቀርበው?

ከዚያ ይህን ጥያቄ ለማናጀሯ ሳይሆን ለሞግዚቷ አቅርቡ። "ልጁ ቢያስቸግር ምን ታደርጊያለሽ?" ብዙ ጊዜ መልሱ በፈገግታ ይመጣል። "ትንሽ ቆንጠጥ ነዋ!" ወይም "ጥግ እናንበረክከዋለን።" አንዳንድ ወላጅም ይስቃል፤ እኛም ተቆንጥጠን ነው ያደግነው። ሕገ መንግሥቱ ግን አንቀጽ 36 ላይ በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ መሆን የልጆች መብት ነው ይላል። ከ1987 ጀምሮ እንዲህ ተጽፏል። "አወራዋለሁ፣ ካልሆነ ለብቻ አስቀምጬው አብሬው እሆናለሁ" ያለችኝ አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ስሟን ይዤ ወጣሁ።

ስለ መረከብም አትርሱ። ልጁን መውሰድ የሚችሉ ሰዎች ስም በጽሑፍ ይያዛል? አጎት ነኝ ብሎ የመጣን ሰው ይሰጡታል? ልጃችሁ በደስታ ሮጦ ስላቀፈው ብቻ የሚሰጥ ቦታ አለ። ወንድሜን ልኬ ሞክሬዋለሁ። ሰጡት። በማግስቱ ትንሿን አስወጣናት።

ትንንሽ የሚመስሉ ሁለት ነገሮች ልጨምር። ዓርብና የፈተና ሳምንት ትምህርት ቤቱ ቀድሞ ሲለቅ ማቆያው ስንት ሰዓት ይከፍታል? መብራት ሲጠፋስ? ኅዳር ላይ ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ጨለማ ውስጥ 20 ልጅ ይዞ በስልክ ባትሪ መጠበቅ ምን እንደሚመስል አስቡት።

ብሩን ስናሰላ

የወሩን ዋጋ ብቻ አትዩ። መመዝገቢያውን፣ ሰርቪሱን፣ መክሰሱንና የመዘግየት ቅጣቱን ደምሩ። ከዚያ በ55 አካፍሉት። በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በወር 22 ቀን፣ 55 ሰዓት ነው። ርካሹ የሚመስለው ቦታ ቅጣቱ ሲደመርበት ከውዱ ሲበልጥ አይቻለሁ፤ በየአሥራ አምስት ደቂቃው የሚያስከፍሉ አሉና። ቅጣት ክፉ አይደለም። ሞግዚቷም ቤት አላት። ግን ገንዘቡ ለቆየችው ሞግዚት ነው ወይስ ለባለቤቱ የሚገባው? ይህንንም ጠይቁ። ለምን መሰላችሁ፣ በየሦስት ወሩ ሞግዚት የሚቀያየርበት ቦታ ልጁ ማንንም አይለምድም። "እዚህ ስንት ጊዜ ሆነሽ?" ከሚለው ጥያቄ በላይ ስለ ቦታው የሚነግራችሁ የለም።

እንግዲህ የቱ?

ኬጂ ላለ ልጅ፣ የታመነች ጎልማሳ ሠራተኛ ወይም ጤናቸው ጥሩ የሆነ አያት ካላችሁ ቤት ይሁን። ካልሆነ ለተማሪዎች የተለየ ክፍል ያለው ትንሽ ማቆያ። የኬጂ ልጅ በትምህርት ቤቱ ፕሮግራም ከትልልቆቹ ጋር መቆየቱን አልወደውም፤ ግቢው ውስጥ በአምስተኛ ክፍል ኳስ ተመትታ የመጣች ልጅ አለችኝ።

ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል፣ መጀመሪያ አስሩጦ ቀጥሎ የሚያስጠና ከሆነ የትምህርት ቤቱ ፕሮግራም ይበልጣል። የቤት ሥራው እዚያ ማለቁ ትልቅ ነገር ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሳ ልጅ ማታ ቢዘገይ 3 ሰዓት ላይ አልጋ ውስጥ መሆን አለበት ማለት ነው። 1 ሰዓት ቤት ገብቶ፣ ራት በልቶ፣ ታጥቦ፣ ደብተር ከተዘረጋ ይህ አይሆንም፤ ሆኖ አላየሁም። ፕሮግራሙ ማስሮጥ የሌለው ከሆነ ሦስት ቀን ብቻ አቆዩት፣ ሁለቱን ቀን ለአያት ወይም ለኳስ ስጡት።

ከአምስተኛ ክፍል በላይ ልጁን ራሱን ጠይቁት። ማቆያ በግድ የገባ የ12 ዓመት ልጅ መንገድ አያጣም፤ አጥር ይዘላል። ስፖርት ሁለት ቀን፣ ትምህርት ቤት ሁለት ቀን፣ አንድ ቀን ቤት ከነቁልፉ። ቁልፍ ስትሰጡት ጋዝ ምድጃውን፣ በር የሚያንኳኳውን ሰውና የጎረቤትን ስልክ አስተምሩት።

ብቸኛ አሳዳጊ ለሆናችሁ፣ ወይም ፈረቃ ለምትሠሩ፣ ከጥራት እኩል የመዝጊያ ሰዓቱ ይወስናል። 11 ሰዓት ተኩል የሚዘጋ በጣም ጥሩ ቦታ ለእናንተ ጥሩ አይደለም። በየቀኑ እየሮጣችሁ፣ ይቅርታ እየለመናችሁ፣ ልጁም የመጨረሻው ልጅ እየሆነ አይዘለቅም። እንዲህ ከሆነ አንድ ብሎክ ላይ ያሉ ሦስት አራት ወላጆች ተደራጅተው አንዲት እናት ቤት ልጆቹን ቢያቆዩ እመርጣለሁ። ጀሞ ውስጥ እንዲህ የሚያደርጉ አውቃለሁ፤ ለእሷ ይከፍሏታል፣ ዳቦውን በየተራ ይገዛሉ።

ከመረጣችሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ። "ዛሬ እንዴት ነበር?" አትበሉ፤ መልሱ "ደህና" ነው። "ዛሬ አጠገብሽ ማን ተቀመጠ? መክሰስ ምን ነበር? ማን አለቀሰ?" በሉ። ልጆች የሌላውን ልጅ ለቅሶ ሲያወሩ የራሳቸውንም ያወጣሉ። አንድ ሰው ስሙ ሲነሳ ዝም የሚሉ ከሆነ፣ ወይም ያልነበረባቸው አልጋ ማርጠብ ከጀመሩ፣ ማታውኑ ቁጭ ብላችሁ አነጋግሯቸው፣ በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቁ።

እኛ አሁን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ትልቁን ትምህርት ቤቱ ያቆየዋል። ትንሿ በእነዚያ ቀናት ያቺ "አወራዋለሁ" ያለችኝ ልጅ የምትሠራበት ማቆያ ናት። ማክሰኞና ሐሙስ ሁለቱም ለቡ፣ እማማ ጋር። ሁለት ቦታ መውሰድ ያደክማል፤ ባለቤቴ ያጉረመርማል። ባለፈው ረቡዕ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሳልደውል ደረስኩ። ትንሿ ቦርሳዋ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ጫማዋ የለም፣ ሰኞ ማክሰኞ ትጫወታለች። "ማሚ፣ ለምን ቶሎ መጣሽ?" ብላ ተቆጣችኝ። ጨዋታው እስኪያልቅ በር ላይ ቆምኩ።